የቢሯችንን ሰርቨር በብሮውዘር ላገናኘልን ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሯችን ያለውን የሊኑክስ ሰርቨር (ፋይሎቻችን የሚቀመጡበትን የጋራ ኮምፒውተር)፣ ሠራተኞቻችን ካሉበት ሆነው በብሮውዘር እንዲጠቀሙበት አድርጎ ላደራጀልን ወጣት ባለሙያ በባልደረቦቼ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሰርቨሩ ቀድሞም ነበረን። ይሁን እንጂ ፋይሎቹ በሳምባ (ፋይሎችን በኔትወርክ በሚያጋራ ፕሮግራም) የሚከፈቱት በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ስለነበር፣ ደረቅ ወደብ ወይም የጅቡቲ ድንበር ላይ ደወሌ ያለ ባልደረባ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ዕቃ መግለጫ ሰነድ) ወይም ኢንቮይስ ሲፈልግ ቢሮ የተቀመጠ ሰው በቴሌግራም ይልክለት ነበር፤ የታረመውና ያልታረመው ሰነድ አብረው ሲዘዋወሩም የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ማጣራት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብን ቆይቷል።

ባለሙያው የጫነልን በ2016 እ.ኤ.አ. ኦውንክላውድ ከተባለ ተመሳሳይ ሶፍትዌር ተነጥሎ የወጣውን፣ በራስ ሰርቨር ያሉ ፋይሎችን በብሮውዘር የሚያስከፍተውን ኔክስትክላውድ ነው። ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነና በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር በመሆኑ የከፈልነው የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። ፋይሎቹን ካሉበት ሳያነሳ የነበሩትን ፎልደሮች ከኔክስትክላውድ ጋር በውጫዊ ማከማቻነት ስላገናኛቸው፣ ቢሮ ያለው በለመደው መንገድ፣ ውጭ ያለው ደግሞ በብሮውዘር ያንኑ አንድ ፋይል ይከፍታሉ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን አላደርግም ያለው ነገር ነው። የሳምባን ፖርት 445 (ሳምባ የሚገናኝበትን የኔትወርክ በር) ለኢንተርኔት ከፍቶ መገላገል ይቻላል የሚል ሐሳብ በመካከላችን ሲነሳ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ የተዛመተው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በዚሁ ፖርት በኩል መግባቱን አስታውሶ በትህትና አልተቀበለውም። ዌብ ሰርቨሩ ፋይሎቹን ማንበብ ሲከለከልም፣ ብዙዎች ለማሳጠር እንደሚያደርጉት 777 (ማንም እንዲያነብና እንዲቀይር የሚፈቅደውን የሊኑክስ የፈቃድ ቁጥር) ሰጥቶ ለሁሉም ከመክፈት ይልቅ፣ የሚመለከታቸውን ተጠቃሚዎች በአንድ ግሩፕ አስገብቶ ፈቃዱን በዚያ ልክ ወሰነ። በመሆኑም የመስክ ሠራተኛ የጭነት ሰነዱን ያነባል፤ መሰረዝ አይችልም፤ የሒሳብ ክፍሉን ፎልደር ደግሞ ጭራሽ አያየውም።

ግንኙነቱ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ሲሆን፣ ለ90 ቀናት የሚያገለግለው ነፃው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ማስረጃ) በራሱ ይታደሳል። ለመግባት ከይለፍ ቃሉ ሌላ ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድ ያስፈልጋል፤ አንጋፋ ባልደረቦቻችን ይህን ኮድ እስኪለምዱት ማጉረምረማቸው አልቀረም። ባለሙያው ኔክስትክላውድ የመጠባበቂያ ቅጂን እንደማይተካ ደጋግሞ ነግሮን፣ ሌሊት ሌሊት በአርሲንክ (በፋይል መገልበጫ ፕሮግራም) ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ትእዛዝም አዘጋጅቶልናል።

ሥራው ችኮላ ለሚወድ አይመችም። ማን የትኛውን ፎልደር ማየት እንዳለበት ካልተወሰነ አይጀምርም፤ ከመጫኑም ይልቅ እኛን ያቆየን ይኸው ውሳኔ ነበር። ስለዚህ እርሱን ለማሠራት የምታስቡ የሠራተኞቻችሁን ዝርዝር ከነፈቃዳቸው ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ቋሚ የአይፒ አድራሻ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) እና፣ የከተማችን መብራት እንደምታውቁት ነውና፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) እንዲኖራችሁም አድርጉ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ፣ እርሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።