«8 ጂቢ ግራፊክስ አለው» ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕ፦ ጌም ለመሥራት ኮምፒውተር ለምትገዙ ማስጠንቀቂያ

ከአምስት ወር በፊት እቁቤ ሲደርሰኝ ጌም የምሠራበት ላፕቶፕ ለመግዛት ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄድኩ። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ይህን የምጽፈው የአንድን ነጋዴ ስም ለማጥፋት ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ማስታወቂያ በብዙ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ስለማይና ለዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ሌላ ወጣት እንደኔ እንዳይታለል ስለምፈልግ ነው። ማስታወቂያው «ኮር አይ 7፣ 7ኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጂቢ ራም፣ 8 ጂቢ ግራፊክስ፣ ለጌሚንግና ለስሪዲ ሥራ የሚሆን፣ ስላይትሊ ዩዝድ» የሚል ነበር። 52 ሺህ ብር ከፍዬ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ አንሪል ኢንጂን 5 የተባለውን የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ጭኜ የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ስከፍት፣ ሼደሮቹ (የምስሉን ብርሃንና ገጽታ የሚያሰሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች) ተዘጋጅተው እስኪያልቁ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ፤ ከዚያ በኋላም ባዶ ሜዳ ላይ ካሜራውን ለማዞር ስሞክር ምስሉ እየተቆራረጠ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ሻጩ ስለ ግራፊክሱ፣ ማለትም ምስሉን ስለሚያዘጋጀው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ስጠይቀው ያደረገውን በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ ማታለያው ያለው እዚያ ላይ ነውና። ዲኤክስዲያግ የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ከፈተና «ጠቅላላ ሜሞሪ» በሚለው መስመር ላይ ወደ 8 ጂቢ የሚጠጋውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። ቁጥሩ የውሸት አይደለም። ነገር ግን ዊንዶውስ የራሱ ሜሞሪ ለሌለው ግራፊክስ ሲያስፈልግ እንዲጠቀምበት ከራሙ (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው ከሚይዝበት ሜሞሪ) እስከ ግማሽ ያህሉን ይፈቅድለታል፤ ራሙ 16 ጂቢ ስለሆነ ግማሹ 8 ሆነ ማለት ነው። እዚያው ገጽ ላይ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ፣ የግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ብቻ እንደሆነ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ጣቱን ተከትዬ የማየውን ብቻ አየሁ። ላፕቶፑ የነበረው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢንቴል ኤችዲ 620 ነው። ይህ ግራፊክስ የሚጋራው ራም ሁለቱም የራም ቦታዎች ቢሞሉለት እንኳ በሰከንድ 34 ጂቢ ገደማ ነው የሚያስተላልፈው፤ የራሱ 4 ጂቢ ሜሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 1650 የተባለ የላፕቶፕ ግራፊክስ ግን በሰከንድ 128 ጂቢ ያስተላልፋል። በዚያ ላይ ኢንጂኑ፣ ብራውዘሩና ግራፊክሱ ሁሉም ከአንድ ራም ይሻማሉ። ስለዚህ 8 ጂቢ የተባለው ተጨማሪ ነገር ሳይሆን አስቀድሜ የከፈልኩበት ራም ሁለተኛ ጊዜ ተቆጥሮ የተሸጠልኝ ነው።

«ኮር አይ 7» የሚለውም ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የእኔው አይ 7-7600ዩ ሲሆን ያለው ሁለት ኮር (ስሌቱን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነው፤ በዚያው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን በስሙ ዝቅ ያለ ቢመስልም አራት ኮር አለው። በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል «ዩ» ከሆነች ፕሮሰሰሩ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ «ኤች» ከሆነች ደግሞ ለከባድ ሥራ የተሠራ ነው። ሼደር ማዘጋጀትን የመሰለ ሥራ ያሉትን ኮሮች በሙሉ አሟጦ የሚጠቀም በመሆኑ፣ ሁለት ኮር ያለው ማሽን ላይ አንድ ሰዓት መጠበቄ የሚገርም አልነበረም።

ሻጩ አንድ የቆየ የእግር ኳስ ጌም ከፍቶ ያለምንም መንቀጥቀጥ ሲጫወት አሳይቶኝ ነበር። እባካችሁ በዚህ አትመኑ። ተሠርቶ ያለቀ ጌም ምስሎቹ ተጨምቀው፣ የማይታየው ነገር ሁሉ ተቀንሶለት ነው ወደ ተጫዋቹ የሚደርሰው፤ የሚሠራው ሰው ግን ኤዲተሩን፣ ገና ያልተጨመቁትን ምስሎች፣ ኮዱንና ብዙ ጊዜም ብሌንደር የተባለውን የስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) ምስል መሥሪያ በአንድ ላይ ከፍቶ ነው የሚውለው። የአንሪል ኢንጂን አዘጋጅ የሆነው ኤፒክ ጌምስ ለሠሪዎች የሚመክረው 32 ጂቢ ራምና 8 ጂቢ ወይም ከዚያ በላይ የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ነው።

ልለውጠው ስዞር ሌላ ዓይነት አቅርቦትም ገጠመኝ፦ ኳድሮ ኬ2100ኤም የተባለ ግራፊክስ የተገጠመላቸው ትልልቅ የመሐንዲስ ላፕቶፖች። እነዚህ በእርግጥ የራሱ 2 ጂቢ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ አላቸው፤ ነገር ግን ቴክኖሎጂው የ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ አምራቹ ኤንቪዲያም አዲስ ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ማውጣቱን አቁሞለታል።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ መጀመሪያ የምትሠሩትን ወስኑ። በጎዶት ወይም በዩኒቲ ባለ ሁለት ገጽታ ጌም ለመሥራት አይ 5-8250ዩ ከ16 ጂቢ ራምና ከኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ጋር በደንብ ይበቃል፤ ጎዶት 4 ደግሞ ለደካማ ግራፊክስ የሚሆን «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚባል አሠራር ስላለው ቀለል ያለ ስሪዲም ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ለምትሄዱ፣ አይ 5-8300ኤች ወይም አይ 5-9300ኤች ከጂቲኤክስ 1050 ወይም 1650 ጋር፣ ግራፊክሱ የራሱ 4 ጂቢ ሜሞሪ ያለው ከሆነ፣ በተማሪ አቅም የማውቀው የተሻለ ምርጫ ነው። አንሪል 5ን በሙሉ አቅሙ አያስኬድም፤ ለመማር ግን ያስችላል። ዴስክቶፕ በተመሳሳይ ብር የተሻለ አቅም ይሰጣል፤ ሆኖም መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ስለሚጠፋ የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ዋጋ አብራችሁ አስቡ። 8ኛ ጄኔሬሽንን መነሻ ያደረግኩበት ሌላም ምክንያት አለ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። የእኔው 7ኛ ጄኔሬሽን ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት ነው የተሸጠልኝ፤ ይህ የሚሆነው ዊንዶውስ 11 ሲጫን ፕሮሰሰሩን የሚያጣራበትን ፍተሻ በመዝለል እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ፣ ገንዘቡን ከማስተላለፋችሁ በፊት፣ ታስክ ማናጀር የተባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ራሳችሁ ክፈቱ። «ፐርፎርማንስ» በሚለው ስር የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና የኮሩን ብዛት ታገኛላችሁ፤ ወደ «ጂፒዩ» (ግራፊክሱ) ዝቅ ስትሉም «ዴዲኬትድ» (የራሱ) እና «ሼርድ» (ከራም የሚጋራው) የሚሉትን የሜሞሪ መስመሮች ፈልጉ፤ ልትከፍሉበት የሚገባው «ዴዲኬትድ» የሚለው ብቻ ነው። ጂፒዩ-ዜድ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ መሄድም ጥሩ ነው፤ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው መለያ ፕሮግራም) ተቀይሮ የሌላ ካርድ ስም የተሰጠውን ግራፊክስ ብዙ ጊዜ ለይቶ ያሳያል። ሻጩ እንዳትነኩ ከከለከላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

እኔ ላፕቶፑን ይዤ በተመለስኩ ጊዜ ሻጩ «ስምንት ይላል፣ ራስህ አይተኸዋል» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እኔ ግን የተነገረኝን የማስረዳበት ወረቀት አልነበረኝም፣ ማስታወቂያውም ከቻናሉ ላይ ተሰርዟል። ደረሰኜ ላይ የሰፈረው «ላፕቶፕ፣ ብዛት 1» ብቻ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ደረሰኙ ላይም «አይ 5-9300ኤች፣ ጂቲኤክስ 1650፣ የግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ 4 ጂቢ» ተብሎ በሙሉ እንዲጻፍላችሁ አድርጉ።