ውሻችሁን በአንገቱ ወይስ በደረቱ? ኮላርና ሃርነስ ለባሕር ዳር መንገድ ሲነጻጸሩ

ማለዳ በጣና ዳር መንገድ ላይ ውሻ ይዞ የሚራመድ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ገመዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የታሰረው አንገቱን በሚዞረው ማሰሪያ፣ በኮላር ላይ ነው። አንዳንዱማ ለግቢ የተገዛውን ከባድ ሰንሰለት ነው ይዞ የሚወጣው። ደረትና ጀርባን ይዞ አንገትን ነጻ የሚተወውን ሃርነስ ብዙ ሰው ፎቶ ላይ አይቶ «ይሄ ለፈረንጅ ውሻ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። ለሐበሻ ውሻ እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፤ እመጣበታለሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ለመንገድ ሃርነስ፣ ለመታወቂያ ኮላር ግዙ። ገመዱን ከሃርነሱ ጋር እሰሩ፤ ኮላሩ ስልክ ቁጥራችሁን ይዞ አንገቱ ላይ ይቀመጥ። ውሻችሁ ረጋ ያለ ከሆነና ገመዱን ሳይወጥር ከጎናችሁ የሚሄድ ከሆነ ግን ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ኮላር ብቻውን ይበቃዋል። በተረፈው ብር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አሳድሱለት።

አንገት ሲጎተት

የውሻ አንገት ጠንካራ ይመስላል። ጸጉር ሸፍኖታል፣ ጡንቻውም ወፍራም ነው። ከፊት ለፊት ግን ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ የአየር ቧንቧው አለ። በግራና በቀኙ የታይሮይድ እጢው፣ ወደ ጭንቅላት ደም የሚያመላልሱት ስሮችም እዚያው ናቸው። ውሻው ሲጎትት ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላት ማሰሪያ ላይ ነው። እየሳለና ጉሮሮው እየተንኮረኮረ ባለቤቱን የሚጎትት ውሻ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። «ለምዶታል» ይባላል። ጉሮሮ መታነቅን አይለምድም።

ጉዳዩ ከጉሮሮም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ውሾች በኮላር ሲጎትቱ የዓይናቸው ውስጥ ግፊት እንደሚጨምር፣ በሃርነስ ሲጎትቱ ግን እንደማይጨምር አሳይቷል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ላለበት ወይም ዓይኑን ለታመመ ውሻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2020 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የተለያዩ ኮላሮችን በውሻ አንገት ሞዴል ላይ የሞከሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ገመዱ ሲጎተት ከጉዳት ስጋት ነጻ ነው የሚባል አንድም ኮላር አላገኙም። ስለዚህ ሻጩ «ውስጡ ስፖንጅ ስላለው አይጎዳም» ቢላችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ስፖንጅ ቆዳውን ከመላላጥ ያድነዋል እንጂ ጉሮሮውን አያድንም።

ትንንሾቹ ላይ ክርክር የለኝም። ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያን፣ ቺዋዋ የአየር ቧንቧቸው በቀላሉ የሚደፈጠጥ ዝርያዎች ናቸው። ፓግ፣ ሺ ትዙ፣ የፈረንሳይ ቡልዶግ ደግሞ ፊታቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ድሮም የሚተነፍሱት በመከራ ነው። ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለከለክ ነው። በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ውስጥ አንገቱ ታንቆ የሚያለከልክ ፓግ ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። ለእነዚህ ሃርነስ ብቻ።

ሃርነስ ሁሉ አንድ አይደለም

የጋሪ ፈረስን አስቡት። ፈረሱ ያን ሁሉ ጭነት የሚስበው በደረቱ ነው፤ በአንገቱ ቢታሰር ኖሮ ሃምሳ ሜትርም አይሄድም። ሃርነስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ግፊቱን ደረት ላይ ይበትነዋል። ከዚሁ ምሳሌ ግን ችግሩም ይወጣል። ሃርነስ መሳብን ምቹ ያደርጋል። የገመዱ ቀለበት ጀርባ ላይ ብቻ ከሆነ ጎታች ውሻ ይበልጥ ሊጎትት ይችላል። በበረዶ አገር ውሾች ሸርተቴ የሚጎትቱት በሃርነስ ነው። እንግዲህ «ሃርነስ ገዛሁለትና ብሶበት አረፈው» የሚል ሰው ብታገኙ ውሸቱን አይደለም።

መፍትሔው የደረት ቀለበት ያለውን መምረጥ ነው። ገመዱ ደረቱ ላይ ሲታሰር ውሻው ወደፊት በተስፈነጠረ ቁጥር ሰውነቱ ወደ ጎን፣ ወደ እናንተ ይዞርበታል። ያሰበበት አይደርስም፣ አይታነቅምም። ሁለቱም ቀለበት፣ የጀርባውም የደረቱም፣ ያለው ሃርነስ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ሲለምድ ወደ ጀርባው ትመልሱታላችሁ። ያም ሆኖ ጎታችን ውሻ የሚያርመው ማሰሪያው ሳይሆን ስልጠናው ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ፣ ሲላላ ሂዱ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

ቅርጹንም እዩ። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ከፊት ሲታይ ባላ ይመስላል፤ ሁለት ማሰሪያ ከትከሻ ወርዶ ደረቱ መሃል ላይ ይገናኝና በፊት እግሮቹ መካከል ያልፋል። ሌላኛው ደረቱን እንደ ቀበቶ አግድም ያቋርጠዋል። አግድሙን ማልበስ ቀላል ነው። ነገር ግን ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ የትከሻውን መገጣጠሚያ ይጫናል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ተመልሶ ጉሮሮ ላይ ያርፋል። እኔ ባላውን እመርጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ባላውም ፍጹም አይደለም። በ2019 የወጣ ጥናት የትከሻን መዘርጋት እሱም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለግማሽ ሰዓት ሽርሽር ይህ አያስጨንቅም። ከውሻችሁ ጋር በየቀኑ የምትሮጡ ከሆነ ግን እርምጃው እንዳላጠረ ከጎን ሆኖ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ።

ባጃጁ፣ የሰፈር ውሾችና ሐይቁ

አሁን ወደ ሐበሻ ውሻችን። አብዛኛው ቀን ታስሮ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ነው የሚያድገው። መንገድ አያውቅም። መጀመሪያ ቀን ከበር ሲወጣ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋበታል፣ ብስክሌት በአፍንጫው ሥር ያልፋል፣ የሰፈር ውሾች ተሰብስበው ይመጡበታል። የፈራ ውሻ ታዲያ ወደፊት አይጎትትም። ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ጆሮውን ልጥፍ ያደርግና ኮላሩን በራሱ በኩል አውልቆ ይፈተለካል። ገመዱና ባዶው ኮላር እጃችሁ ላይ ይቀራሉ፤ ውሻው አስፋልቱ መሃል ነው። ኮላሩን አጥብቆ ማሰር መልስ አይሆንም፤ ያኔ ደግሞ ይታነቃል።

ለእንዲህ ያለው ውሻ ከሁሉም የሚሻለው ሦስት መቀነቻ ያለው ሃርነስ ነው። ሁለቱ እንደተለመደው አንገት ሥርና ደረት ላይ ይሆናሉ፤ ሦስተኛው ወደ ሆዱ ጠጋ ብሎ፣ የጎድን አጥንቱ ሊያልቅ ሲል ወገቡ ቀጠን የሚልበት ላይ ይታሰራል። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሰፊው ደረቱ በጠባቧ ቀለበት አያልፍም። ይህን ካጣችሁ ባለ ሁለቱን ግዙና ገመዱን ከኮላሩም ከሃርነሱም ጋር አያይዙት። አንዱ ቢወልቅ ሌላው ይይዛል።

ጀርባው ላይ እጀታ ያለው ሃርነስ ትንሽ ሊወደድባችሁ ይችላል፤ እኔ ግን እከፍልበታለሁ። ከፊታችሁ ሦስት ባለቤት አልባ ውሾች ሲመጡ ወይም ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍ ገመድ ለመሰብሰብ ጊዜ የለም። እጀታውን ይዞ ውሻውን ጎን ላይ መለጠፍ ነው። ሐይቁ ዳር ደንገል በበዛበት ቦታም እንዲሁ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው ውሻውን ወደ ውሃው ባያስጠጋ ይሻለዋል። እየተዘረጋ የሚጠቀለለውን ረጅም ገመድም ለባሕር ዳር ጎዳና አልመክርም። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ተራ ገመድ ይበቃል።

ኮላር የሚያሸንፍበት

ኮላርን እያጣጣልኩ እንዳይመስላችሁ። ግቢ ውስጥ ኮላር ይሻላል። ሃርነስ ቀኑን ሙሉ ለብሶ የሚውል ውሻ ብብቱ ይላላጣል፣ ጸጉሩ ይነቀላል፣ ከማሰሪያው ሥር መዥገር ይደበቅበታል። ክረምት ላይ ከረጠበ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፤ ቆዳው ሥር ሥሩን ይቆስላል። ስለዚህ ከመንገድ ስትመለሱ አውልቁት፣ ብብቱንና ደረቱን በእጃችሁ ዳብሱ፣ ሃርነሱን ጥላ ውስጥ ስቀሉት።

ዋናው ግን መታወቂያነቱ ነው። አንገቱ ላይ ምንም የሌለው ውሻ መንገድ ላይ ሲታይ ባለቤት ያለው አይመስልም። እብድ ውሻን በሚፈራ ሰፈር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰውም አይፈረድበትም፤ በሽታው አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ኮላር ያለው፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ውሻ ግን ቢጠፋ የሚደውልላችሁ ሰው ሊገኝ ይችላል። የብረት መለያ ካጣችሁ በማይለቅ ቀለም ኮላሩ ላይ ራሱ ጻፉት።

ዋጋውም አለ። ኮላር ርካሽ ነው፤ ቆዳ ሠሪ ጋ ሄዳችሁ ብታሠሩትም ይሆናል። ቡችላ ላላችሁ ይህ ነገር ይጠቅማል። በሦስት ወሩ የተገዛ ሃርነስ ስድስት ወር ሲሞላው አይገባውም። ለቡችላ ውድ ሃርነስ አትግዙ፤ ብዙ ማስረዘሚያ ያለው፣ ርካሽና ቀላል ይሁን።

የምትገዙት ኮላር ጠፍጣፋና ሰፊ ይሁን። ሲጎተት የሚጠብቅ የሰንሰለት ማነቂያ፣ ውስጡ የብረት ጥርስ ያለው፣ ቀጭን የናይለን ሲባጎ፣ እነዚህን አትንኩ። ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው ለሚጠብ ውሾች ትንሽ ብቻ ጠብቆ የሚያቆም ማርቲንጌል የሚባል ኮላር አለ፤ በልኩ ከተስተካከለ ደህና ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሃርነስ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙው ሰው ከአዲስ አበባ ያስልካል ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያመጣለታል። ልኩ ከተሳሳተ መመለሻ የለውም። ስለዚህ «ሚዲየም ይሆነዋል» ብላችሁ አትዘዙ። የአንዱ ፋብሪካ ሚዲየም የሌላው ስሞል ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱና ሁለት ቦታ ለኩ፦ አንገቱ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ፣ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ሁለት ሦስት ጣት ርቃችሁ ደግሞ የደረቱን ዙሪያ። ሜትር ከሌለ በክር ለኩና ክሩን በማስመሪያ። ሻጩን በሳንቲ ሜትር ጠይቁት። ልኩ በሁለት መጠኖች መካከል ከወደቀ ትልቁን ውሰዱና አጥብቡት።

እቃው እጃችሁ ሲገባ ቀለሙን ተዉትና ቀለበቱ የተሰፋበትን ቦታ ገልብጣችሁ እዩ። ጥሩ ሃርነስ እዚያ ላይ አራት ማዕዘን ስፌት፣ መሃሉ ላይ የመስቀለኛ ስፌት አለው። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ጠንካራ ውሻ ይተረትረዋል። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ስፌቱ ብቻ ከደከመባችሁ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱት፤ በወፍራም ክር ደግሞ ይሰፋላችኋል። የብረት ቀለበቱ መገጣጠሚያ የተበየደ መሆን አለበት። በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ ክፍተት ከተሰማችሁ አንድ ቀን ይከፈታል። ዘለበቱ ፕላስቲክ ከሆነ ዘግታችሁ በኃይል ሳቡት።

ካለበሳችሁት በኋላ በየትኛውም ማሰሪያ ሥር ሁለት ጣት ጠፍጥፎ መግባት አለበት። ሦስት ከገባ ይወልቃል፣ አንድ ብቻ ከገባ ይልጣል። የደረቱ ማሰሪያ ብብቱ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከክንዱ በስተኋላ ቢያንስ ሁለት ጣት ይራቅ። ለኮላርም ሕጉ ያው ሁለት ጣት ነው።

ገዝታችሁ በዚያው ቀን መንገድ አትውጡ። መጀመሪያ ያሽትተው። ቀጥሎ ምግቡን ሲበላ ጀርባው ላይ ጣል አድርጉለት፤ በሌላ ቀን ዘለበቱን ዝጉና ግቢ ውስጥ ይዙርበት። ሃርነሱን ለብሶ ያለ ጭንቀት መብላት ሲጀምር በሩን ክፈቱ። የመጀመሪያው ጉዞ ባጃጅ ሳይበዛ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቢሆን ይሻላል።