የስምንት ወር ተሞክሮዬ፦ ሲኖሎጂ ዲኤስ223ጄ ሁለት ራውተር ባለበት ቤት

የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ማቀናበር ሥራዬ ስለሆነ፣ ባለፉት ዓመታት የተጠራቀመው ፋይል በሰባት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ላይ ተበታትኖ ነበር፤ የየትኛው ደንበኛ ሥራ የት እንዳለ የማውቀው በየዲስኩ ጀርባ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ብቻ ነበር። መስከረም ላይ ሲኖሎጂ ዲኤስ223ጄ የተባለውን ባለ ሁለት ዲስክ የኔትወርክ ማከማቻ (ከራውተር ጋር ተገናኝቶ ለቤቱ ዕቃዎች ሁሉ ፋይል የሚያካፍል የዲስክ ሳጥን) ገዛሁና፣ ዲስኮቹ ለብቻቸው የሚሸጡ በመሆናቸው ሁለት ባለ 4 ቴራባይት አስገባሁበት። ዕቃው ቀንና ሌሊት ሲሠራ ስምንት ወር ሆኖታል፤ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ በቤቴ ካሉት ሁለት ራውተሮች ጋር ማስማማቱ ስለሆነ፣ አብዛኛው ጽሑፌ ስለ እሱ ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ የፋይበር መስመሩ የሚገባው ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ካለው ራውተር ላይ ነው። የሥራ ክፍሌ ግን ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ዋይፋዩን ስለሚያዳክመው ቀደም ሲል ኬብል ዘርግቼ ሁለተኛ ራውተር አስገብቼ ነበር። ኬብሉን የሰካሁት ከሌሎቹ በቀለም በተለየው የኢንተርኔት ፖርት ላይ ነበር፤ ኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ አገናኝ ምንም ችግር የለበትም።

ማከማቻውን መጀመሪያ የሰካሁት በሥራ ክፍሌ ራውተር ላይ ነው። ከእኔ ኮምፒውተር ወዲያው ተከፈተ፤ የሳሎኑ ቴሌቪዥንና የባለቤቴ ላፕቶፕ ግን ጭራሽ ሊያገኙት አልቻሉም። የሳሎኑ ራውተር የሚያድለው በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ሲሆን፣ የሥራ ክፍሉ ደግሞ በ192.168.0 የሚጀምር ያድላል፤ ሁለተኛው ራውተር ሳሎኑን የሚቆጥረው እንደ ውጭው ኢንተርኔት ስለሆነ ከዚያ የሚመጣውን ጥያቄ በር ላይ ይመልሰዋል። ማከማቻውን ወደ ሳሎኑ ራውተር ሳዛውረው ነገሩ ተገላበጠ። ሳሎን ያሉት ሁሉ አገኙት፤ እኔም ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ስለማይከለከል አድራሻውን በቁጥር ስጽፍ ይከፈትልኝ ነበር። በኮምፒውተሬ የኔትወርክ ዝርዝር ላይ ግን ስሙ አይታይም፤ ዕቃዎች እርስ በርስ የሚፈላለጉበት ጥሪ ራውተሩን አይሻገርምና። ሁለቱም ራውተሮች በተመሳሳይ ቁጥር የሚጀምር አድራሻ የሚያድሉ ቢሆኑ ኖሮ፣ ኮምፒውተሬ ማከማቻውን እዚያው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሲፈልግ ይቀርና በቁጥርም ባልከፈትኩት ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከሠራሁ በኋላ ሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ማደሉን አስተውኩት። በቅድሚያ የራሱን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ቀየርኩ፤ በአዲሱ አድራሻ እንደገና ገብቼ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አድራሻ የማደል ሥራ አጠፋሁ፤ በመጨረሻም ኬብሉን ከኢንተርኔት ፖርቱ ነቅዬ ከጎኑ ካሉት ተራ ፖርቶች በአንዱ ላይ ሰካሁት። ኬብሉን ያንቀሳቀስኩት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳሎኑና የሥራ ክፍሌ አንድ ኔትወርክ ሆኑ። ብዙ ራውተሮች አክሰስ ፖይንት የሚል፣ አድራሻ ሳያድሉ ኔትወርኩን ብቻ እንዲያዳርሱ የሚያደርግ ምርጫ ስላላቸው ይህን ሁሉ ሳይነካኩ በእሱ መጨረስ ይቻላል፤ የእኔ ግን ምርጫው አልነበረውም። ለማከማቻው ደግሞ በሳሎኑ ራውተር ላይ 192.168.1.50ን ቋሚ አድራሻ አድርጌ ያዝኩለት፤ ከዚያ በፊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌላ ቁጥር ይዞ ይነሳና የቴሌቪዥኑም የኮምፒውተሩም አገናኝ ይቋረጥ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የፍጥነት ጥያቄ ነው። 60 ጊጋባይት የሆነ የአንድ ሠርግ ቀረጻ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኝ ስለነበር በዕቃው አቅም ማነስ አመካኘሁ፤ ሆኖም የኮምፒውተሬን የኔትወርክ መረጃ ስከፍት ከራውተሩ ጋር የተገናኘው በ1000 ሳይሆን በ100 ሜጋቢት ነበር። የጊጋቢት (የ1000 ሜጋቢት) ግንኙነት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፤ በአራት ብቻ ከሆነ ወደ 100 ይወርዳል። የኬብሌን ጫፍ ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው፣ ቡናማው ሽቦ እንደ ሌሎቹ እስከ ጫፉ ሳይደርስ መሐል ላይ ቀርቶ ነበር። ጫፉን ቆርጬ በአዲስ መሰኪያ ካሰርኩት በኋላ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት ወደ 110 ገደማ ወጣ (አንድ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ነው)፤ ያው ቀረጻ አሁን አሥር ደቂቃ አይሞላውም። ራውተር የምትገዙ ሰዎች ፖርቶቹ ጊጋቢት መሆናቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በርካሾቹ ላይ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው።

ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል። ሚሞሪው 1 ጊጋባይት ሲሆን ሊጨመርበት አይችልም፤ ፋይል ለማስቀመጥና ቪዲዮ ለማየት ይበቃኛል፣ ብዙ ፕሮግራም ሊጭንበት ለሚያስብ ሰው ግን አልመክረውም። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆኑ ስላደረግኳቸው የምጠቀመው 4 ቴራባይቱን ብቻ ነው። ይህ አሠራር አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ያድናል፤ በስህተት የተሰረዘን ፋይል ግን ከሁለቱም ላይ እኩል ያጠፋዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከድሮዎቹ ዲስኮች በአንዱ ላይ አዳዲሶቹን ሥራዎች እገለብጥና እህቴ ቤት አስቀምጣለሁ። የሰው የሠርግ ቀን ተመልሶ የሚቀረጽ አይደለምና ይህን ሥራ አንድም ሳምንት አልዘለልኩም።

ከቤት ውጭ ሆኖ ለመግባት ብዙዎች በራውተሩ ላይ ፖርት ይከፍታሉ፤ ይህ የኬብል መሰኪያው ሳይሆን፣ ከኢንተርኔት የሚመጣን ጥያቄ ወደ ማከማቻው የሚያሳልፍ መግቢያ ነው። እኔ አላደረግኩትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዴድቦልት የተባለው ራንሰምዌር ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የቤት ማከማቻዎችን እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር፤ የደንበኞቼን ፋይል ለዚያ ማጋለጥ አልፈልግም። ሲያስፈልገኝ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር ብቻ እገባለሁ።

አሁን የቀረኝ የመብራት ጉዳይ ነው። ማከማቻውንና የሳሎኑን ራውተር በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ አድርጌ፣ የዩፒኤሱን ዩኤስቢ ገመድ ከማከማቻው ጋር ስላገናኘሁት ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። የሥራ ክፍሌ ራውተር ግን እስካሁን ዩፒኤስ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ግልበጣው መሐል ላይ ይቋረጣል። ለእሱ ባለ 12 ቮልት አነስተኛ ዩፒኤስ ልገዛለት ነው።