ሂችኮክን ለማወቅ፦ ደብዳቤዎቹ ወይስ የትዝታ መጽሐፉ?

ኤድዋርድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1854 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የአምኸርስት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበር። የሥነ ምድር ሊቅም ነው። ስለ ኮሌጁ ያለውን ትዝታ በ1863 አሳትሟል። የኮሌጁን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ይህ መጽሐፍ ይበቃል። ግን የሽማግሌ ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ተመርጦ የተቀመጠ።

እኔ ደብዳቤዎቹን እመርጣለሁ። ከዬል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ከቤንጃሚን ሲሊማን ጋር ለአሥርተ ዓመታት ተጻጽፏል። ሲሊማን በ1818 የሳይንስ መጽሔት የመሠረተ ሰው ነው። ሂችኮክ በኮነቲከት ወንዝ ሸለቆ አለቶች ላይ ስለተገኙት የእግር አሻራዎች በ1836 የጻፈው እዚያው መጽሔት ላይ ነበር። የግዙፍ ወፎች ዱካ መስለውታል። ዛሬ የዳይኖሰር መሆናቸው ይታወቃል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን ነገ የሚሆነውን አያውቅም። ሐሳቡን ገና ትኩስ ሳለ ታገኘዋለህ፤ ይሄ በየትኛውም ትዝታ ውስጥ የለም።

እርግጥ ደብዳቤዎቹ ያደክማሉ። ለወዳጅ የተጻፉ ስለሆኑ ብዙ ነገር ሳይብራራ ይታለፋል። ስለዚህ መጽሐፉን አጠገብህ አስቀምጥ፤ ግራ ሲገባህ ብቻ ግለጠው።