ስቱዲዮ፦ የጡብ መኪና በኮምፒውተር ለሚነድፍ ሰው

የሌጎ ክፍሎች የሚሸጡበት የብሪክሊንክ ድረ ገጽ ነጻ ሶፍትዌር የሆነው ስቱዲዮ፣ በደሴ ተቀምጦ ከሌጎ የመጫወቻ ጡቦች የራሱን መኪና ነድፎ ለሌሎች ማካፈል ለሚፈልግ ሰው እጅግ የሚጠቅም መሣሪያ ነው፤ አንድም ጡብ ሳይገዙ ሥራ ያስጀምራልና።

እኔ በስቱዲዮ የነደፍሁት ከኮምቦልቻ ጭነት ይዞ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወጣውን አይሱዙ ነው። ስፋቱን 8 ጉብታ (በጡቡ አናት ላይ ያለው ክብ መያዣ) አደረግሁ፤ ሌጎም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፒድ ሻምፒዮንስ መኪኖቹን ከ6 ወደ 8 ጉብታ አስፍቷል። ብዙ ጊዜ የወሰደው የጋቢናው ግንባር ነበር። ስሱ ጡብ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው አምስቱ ሲደራረቡ 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም ልክ የሁለት ጉብታ ስፋት ይሆናሉ፤ በዚህ ስሌት ስሶቹን በጎናቸው አቁሜ፣ ጎናቸው ላይ ጉብታ ባላቸው ጡቦች ስይዛቸው የፍርግርጉ መስመሮች ያለ ክፍተት ገጠሙ። ክፍሎች ሲጋጩ ሶፍትዌሩ ማመልከቱ በእንዲህ ያለው ጥብቅ ቦታ ዋጋው ከፍተኛ ነው።

ለማካፈል ደግሞ የመገጣጠሚያ መመሪያውን ደረጃ በደረጃ ያዘጋጃል፣ የሚያስፈልጉትንም ክፍሎች በዝርዝር ያወጣል። ሆኖም በስክሪን ላይ ክፍሉ አያልቅም፤ ደሴ ላይ ግን እንደ ልብ አይገኝም፣ ከገበያ የገዛኋቸው ሌጎን የሚመስሉ ጡቦችም አያያዛቸው የላላ ነው። ስለዚህ መኪናውን በእጁ ሊገጣጥም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ያሉትን ጡቦች ቆጥሮ በእነሱ ልክ ቢነድፍ ይሻላል፤ መመሪያውን የሚቀበለው ጓደኛም ያለው ጡብ ከዚያ የተለየ ላይሆን ይችላል።