ሳይበቅል የቀረ የፊት ጥርስ፦ የሚወልቀው፣ ብሪጁ ወይስ የሚለጠፈው?

«ለልጅቱ ምን አሠራሽላት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ከላይኞቹ ሁለት መሐል ጥርሶቿ ቀጥሎ በስተቀኝ መኖር የነበረበት ጥርስ ከመነሻው አልበቀለም። የግራው ደግሞ እንደ ችንካር ሾጥጦ ቀርቷል። በዘር ይመጣል፤ አክስቷም እንዲሁ ናት። ከሁሉ በፊት ሙሉ መንጋጋውን የሚያሳይ ራጅ አስነሡ። ጥርሱ ድድ ውስጥ ተደብቆ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

እኛ መጀመሪያ ርካሹን፣ የሚወልቀውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ገዛን። ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቆሎ ስንበላ ቀጭ አለ። መዳፏ ላይ ስትተፋው ሮዝ ፕላስቲኩ ለሁለት ተከፍሏል። እስከ ፔዳ ሰፈር በባጃጅ ስንሄድ አፏን በነጠላዋ ሸፍና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አስጠገንነው፣ ደግሞ ተሰበረ። በሦስተኛው ጥገና ሒሳቡ ከመግዣው በለጠ።

ብሪጅ፣ ማለትም ከጎን ጥርሶች ጋር ተያይዞ የሚገጠመው የማይወልቅ ጥርስ፣ የሚሸጠው በጥርስ ቁጥር ነው። ለጎደለው አንድ ጥርስ የሦስት ትከፍላላችሁ፤ ግራና ቀኙ ተሞርደው ይለበጣሉና። የተሞረደ ጤነኛ ጥርስ ደግሞ አይመለስም። ለ16 ዓመት ልጅ በፍጹም! ጎረቤቴ የዚርኮኒያ (ብረት የሌለበት ነጭ ሴራሚክ) ዋጋ ከፍላ፣ ውሎ ሲያድር ድዷ ሥር ግራጫ መስመር ወጣ። ውስጡ ብረት ነበር። የሚገባላችሁን ዓይነት ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ በብሎን የሚተከለው ጥርስ፣ መንጋጋ እድገቱን ሳይጨርስ አይተከልም። ሌሎቹ ጥርሶች ከመንጋጋው ጋር ሲወርዱ እሱ ባለበት ይቀራል። ለትልቅ ሰው ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋ ሲነግሯችሁ የብሎኑ ብቻ ነው ወይስ ከላይ የሚገጠመውም ጥርስ አለበት ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ የምላችሁ የሚለጠፈውን ነው፣ ማሪላንድ ብሪጅ የሚሉትን። ከሰው ሠራሹ ጥርስ ጎን የወጣ ቀጭን ክንፍ አለው፤ ክንፉ ከአጠገቡ ባለው ጥርስ ጀርባ በማጣበቂያ ይያዛል። ሞረዳው ከናካቴው የለም፣ ካለም ጥቂት ነው። የከፈልነው ለአንድ ጥርስና ለክንፉ ብቻ ነው። ሾጣጣውን ጥርሷንም በሙሌት አስተካከሉላት።

አነካከሷ ጥልቅ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ስትነክስ የላይኞቹ የታችኞቹን በጣም የሚሸፍኑ ቢሆን፣ አይመችም ነበር፤ ሐኪሙ አስቀድሞ አይቶታል። መልቀቅም አለ። የእኛም አንዴ ለቀቀ። ቤት ውስጥ ሙጫ እንዳትነኩ! በንጹሕ ዕቃ ይዘነው ሄድን፤ አጽድተው ያንኑ መልሰው ለጠፉት። የከፈልነው የማጣበቂያውን ብቻ ነው።

አሁን ቆሎ ትበላለች፤ በመንጋጋ ጥርሷ።