ፈሪዋን ሸጋን ለውድድር ያበቃው የኮምቦልቻው የውሻ መሰናክል ሥልጠና

በኮምቦልቻ ከተማ ዳር፣ ከቦርከና ወንዝ እምብዛም በማይርቅ አንድ የታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የውሻ መሰናክል ሥልጠና ይሰጣል። የሚመሩት የጥበቃ ውሾችን ሲያሠለጥኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። እኔም ሸጋ የምትባለውን ውሻዬን ይዤ ለአሥር ሳምንት ከደሴ እየተመላለስኩ ተከታትያለሁ። ክፍያው ለአሥሩም ሳምንት 6,000 ብር ነው። ፈሪ ውሻ ኖሯችሁ ምን እንደምታደርጉ ለጨነቃችሁ ሰዎች፣ ሥልጠናው በእርግጥ ይጠቅማችኋል፤ ሆኖም ሊታረሙ የሚገባቸው ነገሮችም ስላሉት አንድም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ሸጋ የተወለደችው በ2013 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር፤ የከባድ መሣሪያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባና እህል ውሃ ሳትቀምስ ትውላለች። ከተማው ከተረጋጋ በኋላም ፍርሃቱ አልለቀቃትም። የቆርቆሮ በር ሲላተም፣ ባጃጅ ክላክስ ሲያደርግ፣ ክረምት ላይ በጦሳ ተራራ በኩል ነጎድጓድ ሲያስገመግም፣ ጭራዋን ሸጉጣ ትንቀጠቀጥ ነበር። «ወደ ግርግሩ ውሰጃት፣ ትለምደዋለች» ብለው የመከሩኝን ሰዎች ሰምቼ በሰንሰለት አስሬ ሰኞ ገበያ ወሰድኳት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከግቢ አልወጣም አለች። የሚያስፈራውን ነገር በግድ የተጋፈጠ ውሻ እንደማይደፍር፣ ይልቁንም እንደሚብስበት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አጂሊቲ የሚባለው ይህ ስፖርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ፣ ክራፍትስ በተባለው የውሾች ትርዒት ላይ፣ የፈረስ ዝላይ ውድድርን አርአያ አድርጎ ለተመልካች መዝናኛ በቀረበ ጊዜ ነው። ውሻው ያለ ማሰሪያ፣ በባለቤቱ ድምፅና በእጁ ምልክት ብቻ እየተመራ፣ አግዳሚዎችን ይዘላል፣ በቱቦ ውስጥ ይሾልካል፣ በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል፣ እንደ ጎጆ ጣራ በቆመ መወጣጫ ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ባለቤቱ ውሻውን መንካት አይፈቀድለትም። ስለዚህም ውሻው ራሱ ካልፈቀደ በቀር ጎትቶ ሊያሳልፈው የሚችል ሰው የለም፤ አሠልጣኙም ሥልጠናቸውን በሙሉ የገነቡት በዚህ ሕግ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሆነውን አልረሳውም። ቱቦው ከሸራና ከሽቦ ቀለበት የተሠራ በመሆኑ እንደ አኮርዲዮን ይሰበሰባል፤ አሠልጣኙ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርዝመት አሳጥረው በወዲያኛው አፉ የተቀቀለ ጉበት አስቀመጡና ጀርባቸውን ሰጥተውን ሄዱ። ሸጋ አፍንጫዋን አስገባች፤ ሸራው በነፋስ ሲንኳኳ ወደ ኋላ ዘለለች። እኔ ገመዱን ሳብ ላደርግ ስል ከሩቅ ሆነው «ልቀቂላት እህቴ። መውጫ እንዳላት ካወቀች ትገባለች» አሉኝ። ለእርሷ ደግሞ፣ ሰው እንደሚያጽናኑ ሁሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «አብሽሪ» አሏት። በዚያ ቀን አልገባችም፤ ማንም አልተቆጣትም፤ ጉበቱንም በዙሪያው ሄዳ በላች። በሦስተኛው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን ቱቦ አልፋ፣ ጆሮዎቿ አቧራ ለብሰው በወዲያ በኩል ብቅ ካለች በኋላ፣ ማንም ሳያዛት ዞራ ተመልሳ ገባች። ከእንባዬ ጋር እየታገልኩ ቆሜ አየኋት።

ቅሬታዬ ያለው መሃሉ ላይ ተደግፎ ከፍና ዝቅ በሚለው ሳንቃ ላይ ነው። ሳንቃው ውሻው ሲራመድበት ከሥሩ ያዘነብልና ጫፉ መሬት ይመታል፤ ድምፅ ለሚፈራ ውሻ ከመሰናክሎቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አሠልጣኙ በሁለቱም ጫፎች ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ አስቀምጠው ነበር፤ ጎማው ውድቀቱን ያሳጥራል፣ ድምፁንም ያፍናል። በስድስተኛው ሳምንት ግን አንድ ረዳት ሳይነግረኝ ጎማዎቹን አነሳቸው። ጫፉ ሲሚንቶውን ሲመታ የወጣው ድምፅ እኔንም አስደነገጠኝ፤ ሸጋ አጥር ሥር ገብታ ተጋደመች፤ ወደ ሳንቃው ለመቅረብም ሁለት ቅዳሜ ፈጀባት። አሠልጣኙ ይቅርታ ጠይቀው ከመጀመሪያው እንደገና ጀመሩልኝ፤ ቢሆንም እንዲህ ያለው ነገር ለረዳት ግምት የሚተው አይደለም።

ዘንጎቹም መስተካከል አለባቸው። ኤፍሲአይ የተባለው ዓለም አቀፍ የውሾች ፌዴሬሽን በሚያወጣው ሕግ መሠረት 12 ዘንጎች በ60 ሴንቲሜትር ልዩነት ይተከላሉ፤ እዚህ ግን ስምንት ብቻ ናቸው፣ በሜትር ስለካቸውም ልዩነቱ አንዱ ጋ ሰፊ፣ ሌላው ጋ ጠባብ ነው። ውሻው ዘንጎቹን የሚያልፈው በእግሩ ምት ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ማንንም ውሻ ከመቀበላቸው በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ማየታቸው፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ያሉትንም ከፍ ያለ ነገር አለማዘለላቸው ያስመሰግናቸዋል። ጥላ የለም። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ቆላማ ስለሆነ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ውሾቹ ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ፤ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ሚኒባስ ውሻ ስለማይጭን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ለመውረድ ኮንትራት መኪና መያዝ የግድ ነበር፤ የመኪናው ወጪ ከሥልጠናው ክፍያ በልጧል።

በአሥረኛው ሳምንት ስድስት ውሾች ተወዳደሩ። ጥፋቱ የሚቆጠረው በተለመደው ሕግ ነው፤ አግዳሚ የጣለ ወይም ከመሰናክል ፊት የሸሸ አምስት ነጥብ ይያዝበታል፣ ሦስት ጊዜ የሸሸ ከውድድር ይወጣል። ለተመልካቹ ድምፅ ማጉያ ተከፍቶ ስለነበር ተራችን ሲደርስ እንዲዘጋልን ለመንኩ፤ ወዲያው ዘጉልን። ሸጋ አግዳሚዎቹንና ቱቦውን ያለ ስህተት አለፈች። ሳንቃው ጋ ስትደርስ ሸሸች፣ አምስት ነጥብ ተያዘባት። በሁለተኛው ሙከራ ወጣች፤ ሳንቃው ሲያዘነብል ሆዷን አስጠግታ ተኛችበት፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጥፋ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። እጄን ሳላነሳ «አብሽሪ» አልኳት። ጫፉ መሬት ሲነካ ውሻው ሊረግጠው በሚገባው በቢጫ ቀለም በተቀባው የሳንቃው ጫፍ ላይ ሁለቱን የፊት እግሮቿን አሳርፋ ለአፍታ ቆየችና ወደ ዘንጎቹ ሮጠች። አራተኛ ወጣች።

ቀጣዩ ዙር ከመስቀል በኋላ ይጀመራል፤ እኔም ለሸጋ ቦታ ይዣለሁ። ውሻችሁ ድምፅ የሚፈራ ከሆነ ይህንኑ ከመመዝገባችሁ በፊት ለአሠልጣኙ ራሳቸው ንገሯቸው፤ ሳንቃው ላይ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ጎማዎቹ በቦታቸው መኖራቸውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ።